የሞተር ሳይክል ሰልባትዮ ሲያፈስ፦ መንስኤው፣ አደጋውና ጥገናው

ለዚህ እትም የመረጥኩት ርዕስ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ሳይሆን ከቤታችን ግቢ የመጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ጠዋት እናቴ «ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ተነስ!» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ወጥቼ ሳይ የእናቴ ወንድም፣ በእኛ አጠራር አኮይ፣ ከኲሓ መቀሌ ዕቃ የሚያመላልስባት ቦክሰር ሞተር ሥር መሬቱ ረጥቧል። ከረጠበው ቦታ አምስት እርምጃ ያህል ፈንጠር ብሎ ደግሞ ማታ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ደግነቱ ከሰሉ አመድ ሆኖ አድሯል።

አኮይ ግን ብዙም አልደነገጠም። «ወደይ፣ ትንሽ ብየዳ ነው የሚያስፈልጋት፤ ነገ አንዱ ጋራዥ ወስጄ ነካ አስደርጋታለሁ» አለኝ። ይህ ጽሑፍ ያቺን «ነካ ማስደረግ» ለምን እንደከለከልኩትና በምትኩ ምን እንዳደረግን ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ሞተሯ ለአኮይ መጓጓዣ ብቻ አይደለችም፤ የአራት ልጆች ቀለብና የቤት ኪራይ ከእሷ ላይ ነው የሚወጣው። አዲስ ሰልባትዮ ይግዛ ቢባል የሁለት ወር ገቢውን ይበላል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ መጠገን፣ ወይ ሞተሯን አቁሞ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ።

በነገራችን ላይ «ሰልባትዮ» የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ፣ ስታኞ የምንላቸውም እንደዚሁ። መምህሮቻችን «የነዳጅ ማጠራቀሚያ» በሉ ይሉናል፤ ጋራዥ ገብታችሁ እንደዚያ ብትሉ ግን ሰው ዞር ብሎ ነው የሚያያችሁ። እኔም እዚህ ላይ በጋራዡ አጠራር እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ስለ መንስኤው እንነጋገር። ሰልባትዮ ሞተሩ ሲወድቅ ተመትቶ ሊቀደድ ይችላል። በከተማችን ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የሚውል ሞተር ደግሞ ሰልባትዮው ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት የኋላ ጆሮ አካባቢ ሊሰነጠቅ ይችላል። የአኮይ ሞተር ግን ከሁለቱም አልነበረችም፤ ከውስጥ ነው የተበላችው። ይህንን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁላችንም እንደምናስታውሰው፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከተፈረመበት ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወራት፣ መቀሌ ውስጥ ቤንዚን እንደ ልብ ከማደያ መቅዳት የማይታሰብ ነበር። የተገኘችው በሃይላንድ ነበር የምትሸጠው፤ ዋጋዋም አይቀመስም። አኮይም እንደ ብዙው ሰው ሞተሯን ግቢ ውስጥ አቆማት። ከማቆሙ በፊት ግን በውስጧ የቀረችውን ቤንዚን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቀድቶ ሸጣት። ያኔ ማን ይፈርድበታል? እናም ሰልባትዮዋ ባዶዋን ሁለት ክረምት አሳለፈች።

ብዙዎቻችን «ባዶ ሰልባትዮ ምን ይሆናል? ውስጡ ምንም የለ!» እንላለን። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የሰልባትዮ ክዳን ላይ ቤንዚኑ እየቀነሰ ሲሄድ አየር የሚያስገባ ትንሽ መተንፈሻ አለ። ቀን ፀሐይ ላሜራውን ስታሞቀው ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በዚያ መተንፈሻ ይወጣል፤ ማታ ሲበርድ ደግሞ ከውጭ አየሩን ከነእርጥበቱ ይስባል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች የክረምቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ በቀዘቀዘው ላሜራ ላይ እንደ ጤዛ ይቋጠርና ተንጠባጥቦ ከታች ይጠራቀማል። ላሜራው በውጭ በኩል ቀለም አለው፤ በውስጥ በኩል ግን ብዙውን ጊዜ ራቁቱን ነው። የሚጠብቀው ቤንዚኑ ራሱ ነበር። ሰልባትዮው እስከ አፉ ሞልቶ ቢቆም ኖሮ እርጥብ አየር የሚገባበት ቦታም፣ ጤዛ የሚያርፍበት ደረቅ ላሜራም ባልኖረ ነበር። የግድ ባዶ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እያገላበጡ ውስጡን ማልበስ ይበጃል። ይህን ያኔ የነገረን ሰው አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። በጀሪካንና በሃይላንድ እየተገላበጠ የሚመጣ ቤንዚን ውስጥ ውሃ አይጠፋም። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ከ0.72 እስከ 0.78 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ውሃው ከሥሩ ይዘቅጣል። የሞተር ሰልባትዮ ደግሞ እንደ ኮርቻ በሻንሲው ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ነው፤ ቦክሰር ላይ የቤንዚን መዝጊያዋ ያለችው በአንደኛው ጎን ብቻ ነው። በሌላው ጎን ታችኛው ክፍል የተኛ ውሃ ስለዚህ መውጫ የለውም። እኛ ቀዳዳውን ያገኘነው የት ይመስላችኋል? እዚያው፣ መዝጊያ በሌለበት በኩል፣ ከታች፣ ሁለቱ ላሜራዎች ከተጋጠሙበት ስፌት አጠገብ ነው።

ቀዳዳውን መፈለግ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ በላሜራው ላይ ተንሸራትቶ ሌላ ቦታ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ሰልባትዮውን ጥፋተኛ ከማድረጋችን በፊት ርካሾቹን ተጠርጣሪዎች ማየት አለብን፦ የመዝጊያዋን ጎሚኒ፣ ወደ ካርቡሬተር የሚወርደውን ጎማ፣ ካርቡሬተሩም ራሱ ሞልቶ እየፈሰሰ እንደሆነ። የአንዲት ጎሚኒ ነገር ሆኖ ሳለ ሙሉ ሰልባትዮ የቀየረ ሰው አውቃለሁ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሰልባትዮውን በሳሙና አጥቦ ማድረቅና የተጠረጠረውን ቦታ በሙሉ ጠመኔ መቀባት ነው። ቤንዚኑ ሲወጣ ነጩን ጠመኔ አርጥቦ ከየት እንደጀመረ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጠመኔ እንደሆነ በእኛ ግቢ ሞልቷል።

ቀዳዳው ከታወቀ በኋላ ሾፌሮች የሚያደርጉት የታወቀ ዘዴ አለ፤ ደረቅ ሳሙና እያሹ መድፈን። ሳቅ የሚያስከትል ቢመስልም ሳይንስ አለው። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቆያል። ማስቲካ የሚለጥፉ አሉ፤ እሱ ግን በቤንዚን ይለሰልስና ይለቃል። ሳሙናም ቢሆን ውሃ ሲነካው ስለሚሟሟ ከቤት እስከ ጋራዥ ለማድረስ እንጂ ለክረምት አይሆንም። አኮይ ሁለት ቀን በሳሙና ሠራባት፤ እኔም አልተቃወምኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ነካ ማስደረግ» ለምን አስፈራኝ? ስሙን በማልጠራው አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ አንድ ተለማማጅ ልጅ የሞተር ሰልባትዮ እንዲበይድ ተሰጠው። ቤንዚኑ ከተቀዳ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ አንዴም በውሃ ተለቅልቋል። ሁሉም «ባዶ ነው» አሉ። ልጁ የኤሌክትሪክ ብየዳውን ገና ሲያስነካው ሰልባትዮው ፈነዳ። ድምፁ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ሌላ ነገር መስሎት ልጁን አቅፎ ከቤቱ ወጣ። ተለማማጁ ፊቱና ሁለት እጆቹ ተቃጠሉ፤ በአንድ ዓይኑም ዛሬ አያይም። ያንን ልጅ ባየሁት ቁጥር ባዶ የሚለው ቃል ትርጉሙ ይጠፋብኛል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱ ነው። ትነቱ ደግሞ የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ከ1.4 በታች ከሆነ ቀጭን ነው፣ አይነድም፤ ከ7.6 በላይ ከሆነ ደግሞ ኦክስጅኑ አይበቃውም። ቤንዚን ያለበት ሰልባትዮ ውስጥ ትነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ወሰን ያለፈ ነው፤ ቢያያዝም የሚያያዘው አፉ ላይ፣ ከውጭ አየር ጋር በሚገናኝበት ነው። ሲቀዳና አየር ሲገባው ግን ድርሻው ይወርድና በሁለቱ ወሰኖች መካከል ይገባል። ይህ ማለት ባዶ የተባለው ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ ለመፈንዳት የተመቻቸ ነው ማለት ነው።

ስንት ቤንዚን ይበቃዋል? 11 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ብንወስድ፣ 1.4 በመቶው 154 ሚሊ ሊትር ትነት ነው። በከተማችን ከፍታ ያለውን የአየር ግፊት ይዤ ሳሰላው ይህን ያህል ትነት ለማውጣት ግማሽ ሚሊ ሊትር አካባቢ ፈሳሽ ቤንዚን ይበቃል። አሥር ጠብታ፣ ግፋ ቢል አሥራ አምስት! ይህቺ ደግሞ በስፌቱ እጥፋትና በዝገቱ ቅርፊት ውስጥ ተደብቃ ትቀራለች። አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ ቢለቀለቅ አትወጣም፤ የብየዳው ሙቀት ሲደርስባት ግን ትወጣለች። ሽታ የለውም ማለትም ማረጋገጫ አይሆንም።

አንዳንድ የድሮ ባለሙያዎች የሌላ መኪና ማርሚታ ጭስ በጎማ ወደ ሰልባትዮው እየለቀቁ ይበይዳሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ጭሱ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል ነው። ነገር ግን ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ የሚለካ መሣሪያ በእጃችን ከሌለ በግምት ሕይወትን ማስያዝ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ትነት የሚለካ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ ወደ ሰልባትዮ የሚቀርብ እሳትም ሆነ ብየዳ ሊኖር አይገባም። የላሜራው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዝገት ሲበላ ከዚያም ያንሳል። በብረት ብየዳ ቢነካ ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ አይደፈንም።

ታዲያ ምን አደረግን? ሰልባትዮዋን ፈትተን ሜዳ ላይ፣ ከምድጃም ከሞጎጎም ርቀን፣ ቤንዚኑን በጀሪካን ቀዳነው። የቤንዚን ትነት ከአየር በሦስትና በአራት እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እንደ ውሃ ይሄዳል፤ ቡና ለማፍላት ተነስታ የነበረችውን እናቴን «ዛሬ ቡና የለም» ብዬ ተቆጣኋት። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ከዚያ ሌላ ቦታ በተጣደ ፈላ ያለ ውሃና በኦሞ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው እስከ አፉ እየሞላን፣ አጠብነው።

ቀጥሎ ዝገቱ መውጣት አለበት። ሃያ ዳዶና አንድ አጭር ሰንሰለት ከትተን ከጎረቤት ልጅ ጋር እየተፈራረቅን ናጥነው። ዳዶዎቹን ስታስገቡ ቁጠሩ! እኛ አሥራ ዘጠኝ አውጥተን ሃያኛውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ከዚያም ሰልባትዮውን በአቸቶ ሞልተን ሁለት ቀን አቆየነው፤ አቸቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ዝገቱን ቀስ ብሎ ያሟሟል። የባትሪ አሲድ የሚጨምሩ አሉ፤ እሱ ዝገቱን ጨርሶ ጤነኛውንም ላሜራ ይበላል፣ ሰውንም ያቃጥላል፤ ይቅር። አቸቶው ሲደፋ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበን የቀረውን አሲድ አመከንነው። ከዚህ በኋላ መዘግየት የለም፤ የታጠበ ራቁት ብረት በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ቡኒ መሆን ይጀምራል። በፀጉር ማድረቂያ አደረቅነው። ይህን ማድረግ የሚቻለው ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ከወጣ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

እዚህ ላይ አኮይ ሊጣላኝ ደረሰ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ብናበራ አንድ የነበረው ቀዳዳ አምስት ሆኖ ታየ። «አንድ ቀዳዳ ይዤ መጣሁ፣ አንተ አራት ጨመርክልኝ!» አለኝ። እውነቱ ግን አራቱን ደፍኖ ይዟቸው የነበረው ዝገቱ ራሱ ነበር። ከውጭ አንዱን ብቻ ብንደፍነው ኖሮ የቀሩት በየወሩ አንድ አንድ እያሉ ይመጡ ነበር። ከውጭ የተለጠፈ ሁሉ «አልያዘም» እየተባለ የሚታማውም ለዚህ ነው። ዙሪያውን በካቻቢቴ ጫፍ ስንጫነው ላሜራው ጠንካራ ሆኖ አገኘነው። ካቻቢቴው ቢሰምጥ ኖሮ ግን ልፋቱን እዚያው ትቼ ሰልባትዮውን እጥለው ነበር።

ለመድፈን በእኛ አቅም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለት ቱቦ እየተቀላቀለ የሚሠራው የብረት ኤፖክሲ ነው። እሳት አይፈልግም፤ ቀለሙ ተፍቆ፣ ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተሻክሮ፣ ቅባት የሚባል ሳይነካው ከተለጠፈና አንድ ሙሉ ቀን ከደረቀ ለትንሽ ቀዳዳ ይሆናል። ብዙ ሰው ቀለሙ ላይ ይለጥፈዋል፤ ታዲያ ኤፖክሲው ቀለሙን ይዞ ይነሳል። አልኮልም አንዳንዱን ርካሽ ኤፖክሲ ያለሰልሰዋል፤ በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 10 ከፍ ሲል ይህ ለጋራዦች የሚታሰብ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

እኛ የመረጥነው ሁለተኛውን፣ ስታኞ ነው። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ስለነበር አንድ እራፊ ላሜራ ይበቃቸዋል። ሥራውን የሠሩልን የጋራዥ ሰው ሳይሆኑ ገበያ ውስጥ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። ላምባ የማያፈስ ኩራዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው በላይ ማን ሊያውቅ? እኔ የስታኞው ቅልቅል 183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ መቅለጥ እንደሚጀምር፣ የናስ ብየዳ ወደ 900፣ ብረቱ ራሱ ደግሞ ወደ 1,500 እንደሚጠጋ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰምተውኝ «ልጄ፣ ይህን ያህል ቁጥር አላውቅም፤ ግን እሳቱ ወደ ዕቃው አይሄድም፣ መዳቡ ነው የሚመላለሰው» አሉኝ። እኔ በአንድ ገጽ ልጽፈው የነበረውን በአንድ አፍ ጨረሱት።

መዳቡ ራቅ ብሎ ከሰል ላይ ይግላል፤ ወደ ሰልባትዮው የሚመጣው የጋለው መዳብ ብቻ ነው። ይህም ሆኖ የጋለ መዳብ ትነት ካገኘ ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ «ታጥቧል» ብንላቸውም ሰልባትዮውን ገልብጠው ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አደረጉና ከቀዳዳው አንድ ጣት ዝቅ እስኪል ውሃ ሞሉበት። ትነት የሚጠራቀምበት ቦታ አልተዉለትም። ዙሪያው ነጭ ብረት እስኪሆን ተፋቀ፤ ዚንክ የተሟሟበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተቀባ። መጀመሪያ ላሜራውም እራፊውም ለየብቻ ስታኞ ለበሱ፤ ከዚያ ተገናኝተው በመዳቡ ተተኮሱ። የእራፊው ማዕዘኖች ክብ ተደርገው ነበር የተቆረጡት፤ ሹል ማዕዘን በንዝረት ቶሎ ስለሚነሳ ነው። በስታኞው ውስጥ እርሳስ ስላለ ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ይህን እሳቸው አላሉም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ፍተሻውን በውሃ ብቻ ማድረግ አይበቃም። ውሃ የማያልፍበትን ቀጭን ስንጥቅ ቤንዚንና ላምባ ያልፉበታል። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ከቤንዚን ይልቅ በቀላሉ የማይቀጣጠለውን ላምባ ጨምረን፣ ከውጭ ጠመኔ ቀብተን አሳደርነው። በአየር የሚፈትኑም አሉ፤ በኮምፕሬሰር ግን አይሞከርም፣ ሰልባትዮው እንደ ፊኛ ይነፋል። ጠዋት ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ነበር። ቀለም ተቀባ፣ በጎማው ላይ የቀረች የዝገት ብናኝ ወደ ካርቡሬተር እንዳትወርድ ትንሽ ማጣሪያ ገባላት፣ ሞተሯም በሳምንቱ ወደ ኲሓ መንገዷ ተመለሰች።

አኮይ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቤንዚን ሳያጎድል ያቆማታል፤ በሁለት ሳምንት አንዴም መዝጊያዋን ፈትቶ፣ ሰልባትዮዋን ወደዚያው ጎን አዘንብሎ ከሥር የተኛ ውሃ ካለ በጠርሙስ ያወርዳል። ሥሯ ደግሞ በየማታው አንድ ነጭ ካርቶን ያነጥፋል። ክረምቱ ሙሉ ካርቶኑ ላይ ጠብታ አልታየም። «በቃ፣ አንሳው እንጂ» ብለው «ተወው፣ ምን ይበላል?» ይለኛል።